እናቴ የተናዘዘችበት ቋንቋ

እናቴ አማርኛዋ የጠፋባት በሐምሌ፣ ናዝሬት በጭቃ በተያዘችበት ሰሞን ነው። ጠዋት ቀስቅሼ "እማዬ፣ እንዴት አደርሽ?" ስላት ቀኝ እጇ አልታዘዝ ብሏት፣ አፏ በአንድ ወገን ወደ ታች ወርዶ፣ በዓይኖቿ ግን እንደ ወትሮው ጥርት አድርጋ አየችኝ። ከዚያ ተናገረች። ረጅም ነገር ነው የተናገረችው፣ በእርጋታ፣ መልስ እንደሚጠብቅ ሰው። አንዲት ቃል አልገባኝም።

ምላሷ የተሳሰረ መስሎኝ ጎንበስ ብዬ "እስቲ ድገሚልኝ" አልኳት። ደገመችልኝ። ያኔ ነው የነቃሁት። የተሳሰረ ምላስ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ነገር አይናገርም። ይህ ቋንቋ ነበር። ከልጅነቴ ጀምሮ የምሰማው፣ ግን አንድም ቀን ያልተሰጠኝ ቋንቋ።

እኛ ከጎንደር ወደ ምዕራብ፣ ደጋው ወደ ቆላ ማዘንበል ከሚጀምርበት አገር ነን። ወገኖቻችንን ጎረቤት የሚጠራበት ስም ስድብ ሆኖ ስለኖረ እዚህ አልጽፈውም። የአያቶቻችን ቋንቋ የአገው ዘመድ ነው፤ ይህንንም ያወቅኩት ኋላ፣ ከሰው አፍ ነው። አባቴና እናቴ እኔ ሳልወለድ ክርስትና ተነሡ፤ ልጆቻቸውንም በአማርኛ ብቻ ሊያሳድጉ ተማማሉ። አባቴ፣ ነፍሱን ይማርና፣ "ይህ ቋንቋ እኛን ጫካ ለጫካ አስቀርቶናል፤ ልጆቼን አይከተላቸውም" ይል ነበር።

እናቴ ቃሏን ጠበቀች። ቋንቋውን የምታወራው ከእኅቷ ጋር ብቻ ነበር፣ ወንዝ ወርደው ልብስ ሲያጥቡ። እኔ ከዳገቱ ስወርድ ሳቃቸውን እሰማለሁ። ቤት ውስጥ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቻት አላውቅም። ልክ ስጠጋ ሁለቱም ባንድ ጊዜ ወደ አማርኛ ይመለሳሉ፣ ሳቁም እዚያው ያልቃል።

"ምን አሳቃችሁ?" እላለሁ።

"ምንም። ያንን ልብስ አቀብይኝ።"

ትምህርቴን ጨርሼ እዚህ፣ ናዝሬት፣ በአንድ መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት ተቀጠርኩ። ናዝሬት የምለው ዛሬ አዳማ የሚባለውን ነው። ባላገሩ ያኔም አዳማ ነበር የሚለው፤ በወረቀት ላይ የምንጽፈው እኛ ነን ሌላ ያልነው። ደርግ ሲመጣ የቃላት መለወጥ ቀድሞ የደረሰው ለኛ ለታይፒስቶች ይመስለኛል። ትናንት "ክቡር" ብለን የከፈትነውን ደብዳቤ ዛሬ "ጓድ" ብለን እንከፍታለን። አዲስ ቃል በሰርኩላር ይመጣል፣ ጣታችን እስኪለምደው ወረቀት እናበላሻለን። አጠገቤ የምትቀመጠው ባልደረባዬ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "በዚህ ሳምንት ስንት አዲስ ቃል ገባ?" ትለኛለች።

"ሁለት።"

"ትርጉማቸውስ?"

"እሱ በሚቀጥለው ፖስታ ይደርሳል።"

እንስቃለን፣ ጥርሳችንን ሳናሳይ። ጊዜው እንደዚያ ነበር። ስለ ራሴም ወሬ አላበዛም። ሰው አገሬን ሲጠይቀኝ "ጎንደር" እላለሁ፤ ውሸት አይደለም፤ ከዚያ በላይ ግን አልሄድም።

አባቴ ሲሞትና የሰሜኑ መንገድ በጦርነት እየተበላሸ ሲሄድ እናቴን ወደ ናዝሬት አመጣኋት። አላገባሁም፤ በአንድ ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር የምኖረው። ከቆርቆሮው አጥር ወዲያ አንዲት የቡልቡላ ሴት ነበረች፣ ኦሮሞ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም ነጋዴ። እናቴን ገና በመጀመሪያው ሳምንት "አዮ" ብላ የራሷ እናት አደረገቻት። ጠዋት ጠዋት "አዮ፣ አካም ቡልተ?" ብላ እንዴት እንዳደረች ስትጠይቃት እናቴ "ፈያ! ፈያ!" ብላ ትጮኻለች፤ የቀረውን ሁለቱም በእጅ ያወራሉ።

"እናትሽ ካንቺ ቀድማ ኦሮምኛ ለመደች" ትለኝ ነበር ጎረቤቴ። "አንቺ ጸሐፊዋ ስሕተት ስለምትፈሪ አፍሽን አትከፍቺም።"

በቀበሌ የመሠረተ ትምህርት ሲታወጅም እናቴ ደብተር ይዛ ሄደች። ትምህርቱ በብዙ ቋንቋ ይሰጣል ሲባል ሰማን፤ የእናቴ ቋንቋ ግን ከነዚያ መካከል አልነበረም። "ስለ ቋንቋሽስ አንቺ ምን ትያለሽ?" አልኳት አንድ ቀን፣ ደፍሬ። "የኔ ቋንቋ ፊደል አይወድም፤ ቢይዙት ያመልጣል" አለችና ሳቀች። ስለዚያ ቋንቋ ከአፏ የሰማሁት ይኸው ብቻ ነው።

በዚያው ዓመት፣ ገና ግንቦት ላይ፣ "ለፍልሰታ እቆርባለሁ" አለችኝ። ደስ አለኝ። ክርስትና ከተነሣች ጀምሮ ስትጾም ስትሰግድ የኖረች፣ ሥጋ ወደሙ ግን ያልቀረበች ሴት ነች። ለምን እንደዘገየች ነግራኝ አታውቅም።

"መጀመሪያ የነፍስ አባታችንን አናግራቸዋለሁ። የምነግራቸው ነገር አለኝ" አለች።

"ምንድን ነው፣ እማዬ?"

"ላንቺ የሚነገር ቢሆን ላንቺ እነግርሽ ነበር።"

ከዚያ ሐምሌ መጣ።

ሐኪሙ ጭንቅላቷ ውስጥ ደም እንደፈሰሰ ነገረኝ። "ኋላ የተማሩት ቋንቋ አንዳንዴ ቀድሞ ይሄዳል። ሊመለስም ላይመለስም ይችላል" አለኝ። ከዚያ መድኃኒት የሚያዝ ይመስል "እስኪመለስ በእናቷ ቋንቋ አናግሪያት" አለኝ። እሺ አልኩት። ሌላ ምን ልበለው?

የማኅበር እኅቶቼ "ጸበል ትጠመቅ" አሉ። ጸበል መቼ እጠላለሁ። በጋሪ አድርገን ወሰድናት። አጥማቂው ወጣት ነበር፣ ጉልበታም። ቀዝቃዛው ውሃ ትከሻዋ ላይ ሲያርፍ እናቴ ጮኸች፣ በዚያው በቋንቋዋ፤ ከዚያ መናገር ቀጠለች። የቆመው ሰው ሁሉ "ለፈለፈ! ለፈለፈ!" አለ።

"ማነህ? ስምህን ተናገር!" አላት አጥማቂው፣ መስቀሉን ግንባሯ ላይ ተጭኖ።

እናቴ መለሰችለት። እየተንቀጠቀጠች፣ አንድ ሰው ክፉኛ ተሳስቶ ሲያዩት በትዕግሥት እንደሚያስረዱት ነበር የምትመልስለት።

"ከየት ነው የያዝካት? መቼ ትወጣለህ?"

አሁንም መለሰችለት። ውሃው በድጋሚ ሲነሣ እጁን ያዝኩት።

"መንፈስ አይደለም" አልኩ። "የአገሯ ቋንቋ ነው። የአገራችን።"

ናዝሬት ከገባሁ ጀምሮ ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም ነበር። ከማኅበር እኅቶቼ አንዷ ነጠላዋን ወደ አፏ አስጠግታ "አንቺ አማራ አልነበርሽ እንዴ?" አለችኝ። እናቴን በነጠላዬ ጠቅልዬ በዚያው ጋሪ ተመለስን። መንገዱን ሙሉ ትናገር ነበር። እኔም፣ እንደሚገባኝ ሁሉ፣ "አዎ፣ እማዬ። አዎ" እላታለሁ።

የነፍስ አባታችን አባ፣ በጸበሉ የደረሰውን ሰምተው፣ በማግስቱ ቤት መጡ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ቀስ ብለው የሚናገሩ። አልጋው አጠገብ ተቀምጠው እናቴን ለረጅም ጊዜ አዳመጧት። እሷም እጃቸውን በግራ እጇ ይዛ ትነግራቸዋለች። የምትነግራቸው ያንኑ ይዛው የኖረችውን እንደሆነ እሳቸውም እኔም ጠርጥረናል። በመጨረሻ መስቀላቸውን አሳልመዋት ወደ ደጅ ወጡ።

"ልጄ" አሉኝ፣ "እናትሽ ዲዳ ቢሆኑ በምልክት ባናዘዝኳቸው ነበር። ቤተ ክርስቲያን ለዲዳም በር አላት። እሳቸው ግን ዲዳ አይደሉም። እየነገሩኝ ነው። እየነገሩኝ ሳለ፣ ሳልሰማ እንዴት ልፍታ?"

"እግዚአብሔር ይሰማታል፣ አባ።"

"እሱማ ይሰማል። የቸገረው እኔን ነው።" መስቀላቸውን ወደ ኪሳቸው መለሱ። "የሚሰማላቸው ሰው ፈልጊ። የሰማውን የሚቀብር፣ የታመነ ሰው። ፍልሰታ ሳያልፍ።"

ከየት አባቴ ልፈልግ? የእናቴ እኅት ሞታለች። ወደ አገራችን የሚወስደው መንገድ ጦርነት ነው። ናዝሬት ውስጥ ያንን ቋንቋ የሚናገር ቢኖር እንኳ እንደኔ ደብቆት ነው የሚኖረው። ይህን ሁሉ አጥር ሥር ቆሜ ለጎረቤቴ ስነግራት ሽንኩርት መልቀሟን ትታ ቀና አለች።

"እኛ አገር አንድ ሰው አለ" አለችኝ። "ቡልቡላ ነው የሚቀመጠው። ከዩኒቨርሲቲ መጥቶ ሽማግሌ ይሰበስብና 'አፍንጫን ምን ትሉታላችሁ? ጉልበትን ምን ትሉታላችሁ?' ሲል ይውላል። ወንድሜ 'ይህን ያህል ተምረህ አፍንጫ አታውቅም?' አለው።"

"ታዲያ ለእናቴ ምን ያደርግላታል?"

"እኔ ምን አውቃለሁ! የሰው ቋንቋ ይሰበስባል። ያንቺ ቋንቋ ነው የጠፋው። ሰብሳቢ ጋ ሄደሽ አትጠይቂም?"

እናቴን እሷ ዘንድ ትቼ፣ ከቀበሌ የመንገድ ወረቀት አወጣሁና ሄድኩ። ሞጆ ላይ አውቶቡስ ቀየርኩ። መቂንና ዝዋይን ስናልፍ የዓሣ ሻጮች የታሰረ ዓሣቸውን እስከ መስኮቱ ከፍ እያደረጉ ይሮጣሉ፤ ከዚያ ወዲያ ግራርና ዝናብ ነው። ቃል ሰብሳቢውን ያገኘሁት ቡልቡላ መንገድ ዳር አንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ነው። ጸጉሩ ገብስማ የሆነ፣ ቀጭን ሰው። ከፊቱ ድምፅ መቅረጫ ቴፕ አለ፤ ከቴፑ ወዲያ አንድ ሽማግሌ በኦሮምኛ ይመልሱለታል። ሽማግሌው እኔን ሲያዩ ወደ አማርኛ ዞሩና "በቃ፣ እንግዳ መጣብህ። ሆድን ደግሞ ነገ ጠይቀኝ፤ ዛሬ ባዶ ነው" ብለውት ተነሡ። እየሳቀ ሻይና ዳቦ አዘዘላቸው።

የመጣሁበትን ነገርኩት። የአገሬን ስም፣ ያንን የማልጽፈውንም ስም፣ ሳልደብቅ። እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

"እናትዎ በየትኛው ሰፈር ነው ያደጉት?" አለኝ። ዓይኑ ሲበራ አየሁ፤ ያኔ ትንሽ ፈራሁት።

"ቋንቋውን ይናገሩታል?" አልኩት።

"አልናገረውም። ከዓመታት በፊት አንድ ክረምት እዚያ ከርሜ ቃላት ሰብስቤያለሁ። ሰዎቹ የሚያወሩኝ ግን በአማርኛ ነበር። ቃላት አውቃለሁ። ወሬ አላውቅም።"

አውቶቡስ እስኪመጣ ረጅም ሰዓት ነበረን። ያን ዕለት ያስረዳኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፣ ምናልባት እንደ ተማሪ ሳይሆን እንደ ለማኝ ስለሰማሁት ይሆናል። ሥራው የቃላትን ዝምድና መፈለግ ነው። ሁለት ቋንቋዎችን ጎን ለጎን አስቀምጦ እኅትማማች መሆን አለመሆናቸውን፣ የትኛዋ መቼ ከቤት እንደወጣች ይመረምራል። ለዚህ የሚመርጠው ተራ ቃል ነው፦ ዓይን፣ ጥርስ፣ ውሃ፣ እሳት፣ አመድ፣ ቅማል።

"ቅማል?" አልኩት።

"ሰው የሚሸምተውን ዕቃ በባዕድ ስም ይጠራዋል፤ ቅማሉን ግን በገዛ ስሙ ነው የሚጠራው።"

ከዚያ "ቤተ ክርስቲያን ይሄዳሉ መሰለኝ" አለኝ፣ ነጠላዬን አይቶ። "ቄሱ በግዕዝ 'ሐመድ' ሲሉ እርስዎ ቤትዎ ውስጥ ምን ይላሉ?"

"አመድ።"

"'ሐዲስ' ሲሉስ?"

"አዲስ።"

"አዩ፣ የ'ሐ'ን ድምፅ አንድ ሰው ሰንፎ የጣለው አይደለም። በብዙ ቃላት ላይ፣ ማንም ሳያዝ፣ እኩል ነው የወደቀው። ቋንቋ ሲለወጥ ሥርዓት አለው። እኛ የምናጠናው ያንን ሥርዓት ነው።"

እኔ ያለ ሰርኩላር ቃል ሲለወጥ አይቼ አላውቅም ነበርና ገረመኝ። ቀጠለና "የእናትዎን ወንድም ምን ብለው ይጠሩታል?" አለኝ።

"አጎት ነዋ።"

"ይህን ቃል አማርኛ ከእናትዎ ወገን ነው የወሰደው ብለን እናምናለን። ዕድሜዎን ሙሉ ሲናገሩት ኖረዋል።"

እንባዬ መጣ፤ ወደ መንገዱ ዞርኩ። አንዲት ቃል ከእናቴ ቤት ወደኔ ደርሳ ነበር፣ ያውም ሳላውቃት። ከዚያ "ቋንቋ የሚሞተው በምን ነው?" ብዬ ጠየቅኩት።

"ብዙ ጊዜ እናቶች ለልጆቻቸው ሲራሩ ነው" አለኝ። "ልጄ አይሰደብብኝ ብላ ትተዋለች። የቀረው የጊዜ ጉዳይ ነው።"

በዚያው ሳምንት ናዝሬት መጣ። ቴፑን፣ የባትሪ ድንጋዩን፣ ወረቀቶቹን አልጋው ሥር ዘረጋ። እናቴ ግድግዳውን እያየች ተኝታ ነበር። የራሱን ዓይን በጣቱ ነካና አንዲት ቃል ተናገረ።

እናቴ ዞረች። ረጅም ጊዜ አየችው። ከዚያ ቃሉን መለሰችለት፣ ትንሽ ለየት አድርጋ። እያረመችው ነበር። እሱም እንዳረመችው አድርጎ ደገመው። ጆሮውን ነካ። አፍንጫውን። ወደ መስኮቱ፣ ወደ ዝናቡ አመለከተ። እያንዳንዱን ትመልስለታለች፣ ሲሳሳት ራሷን ትነቀንቃለች፣ ሲያገኘው ግን በግራ እጇ ፍራሹን መታ መታ ታደርጋለች፣ አፉን የሚፈታ ሕፃን እንደሚያበረታቱት። አንድ ቃል ላይ ምላሱ ተያዘና ሦስት ጊዜ ሞከረው። እናቴ ሳቀች። የወንዙን ሳቅ ሳቀች።

እኔ በሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። አጠገቧ ስደርስ ያልተቋረጠ ሳቅ በሕይወቴ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን ውስጤ አንድ ነገር እንደ ጨርቅ ተቀደደ። ይህ ከመንገድ የመጣ ሰው ነው። ለሱ ዓይንን ሰጠችው፣ ጥርስን ሰጠችው፣ እሳትን ሰጠችው። ለኔ፣ ከማኅፀኗ ለወጣሁት፣ ራርታ ነፈገችኝ። ወጥቼ የታጠበ ሳሕን መልሼ ሳጥብ ጎረቤቴ አገኘችኝ።

"ምነው? አዮ ስትስቅ ሰማሁ እኮ!"

"አዎ፤ ስቃለች።"

"ታዲያ ምን ያስለቅስሻል?"

"ሽንኩርትሽ ነው" አልኳት። ሽንኩርቷ ከአጥሩ ወዲያ ነበር፤ ሳሕኑን ከእጄ ወስዳ አደረቀችው።

ፍልሰታ በገባ በሁለተኛው ሳምንት አባ መጡ። ቃል ሰብሳቢውን ቁጭ አድርገው ጠየቁት። ሃይማኖቱን፣ ስንት እንደሚገባው፣ አፉ የሚጠበቅ መሆኑን። "ከዐሥር አንዱ ቢገባኝ ነው፣ አባ" አላቸው። "አንዱም ይበቃል፤ ዐሥሩንማ እኔ ከማውቀው ቋንቋም አልሰማም" አሉት። ከዚያ መስቀሉን ይዞ እንዲምል አደረጉት፤ የሰማውን ለሰው፣ ለልጅም ሆነ ለዘመድ፣ እስኪሞት ላይናገር። ማለ።

ከማለ በኋላ ነው የለመናቸው።

"አባ፣ ቴፑን ልክፈተው። ማንም አይሰማውም። እስካሁን የሰጡኝ ነጠላ ነጠላ ቃል ነው። ዛሬ ግን ረጅም ይናገራሉ፣ ከልባቸው። እንዲህ ያለ ንግግር ካሁን በኋላ ማግኘቴን እጠራጠራለሁ። ዛሬ ያልገባኝን ኋላ ቁጭ ብዬ እፈታዋለሁ። ሰሚ ሳያገኝ አይጠፋም።"

"ንስሐ እኮ የሚነገረው እንዲጠፋ ነው፣ ልጄ" አሉት አባ።

ወደኔ ዞረ። አባም ወደኔ ዞሩ። "አንቺስ ምን ትያለሽ?" አሉኝ።

ያንን ቅጽበት እስከ ዛሬ አውጥቼ አውርጄዋለሁ። ቴፑ ቢከፈት ንግግሯ አንድ ቀን ይፈታል። ይዛው የኖረችውን አውቃለሁ። ስለኔም የተናገረችው ካለ እሰማለሁ። ቋንቋዋም ቢያንስ በአንድ ቦታ ሙሉውን ይኖራል። ይህን ሁሉ ፈለግኩ፤ አልፈለግኩም ብል እግዚአብሔር ያየኛል። ግን ላንቺ የሚነገር አይደለም ብላኛለች።

"አባ እንዳሉት ይሁን" አልኩ።

ቴፑን አንሥቶ አሳቀፈኝና ከአባ ጋር ገባ። በሩ ተዘጋ። እኔ ደጅ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ፣ ቴፑ ጭኔ ላይ፣ ከባድ ነበር። ትንሽ ቆይቶ የእናቴ ድምፅ መጣ። የሳንቃው በር ስስ ነው፤ ሁሉም ይሰማል። ተናገረች፣ ቆመች፣ ተናገረች። አንድ ቦታ ላይ ድምፅዋ ቀጠነ፣ አንድ ቦታ ላይ እንደ መቆጣት አለች፣ አንድ ቦታ ላይ ለረጅም ጊዜ አለቀሰች። እናቴ ይህን ያህል ስትናገር በሕይወቴ ሰምቻት አላውቅም። ጣቴ የመቅረጫውን ቀይ ቁልፍ ያውቀዋል፤ ቃል ሰብሳቢው ሲጫነው አይቻለሁ። ጣቴ ደግሞ ቁልፍ መጫን እንጀራው ነው። ሁለቱን እጆቼን በነጠላዬ ጠቅልዬ "አቡነ ዘበሰማያት" ደገምኩ። ስጨርስ እንደገና ጀመርኩ።

ሲወጡ የቃል ሰብሳቢው ፊት ረጥቧል። አባ "የሰማነውን ሰማን፤ ያልሰማነውን የሚሰማ ሰማው። ፈትቻቸዋለሁ" አሉኝ። የፍልሰታ ዕለት በጋሪ ወስደን፣ ሁለት ዲያቆናት ደግፈዋት፣ ቆረበች። ጎረቤቴ ሃይማኖቷ ሌላ ነው፤ ግን ጃንጥላ ይዛልን እስከ ቅጥሩ በር መጣች፣ ስንወጣም እዚያው ቆማ ጠበቀችን።

ከዚያ በኋላ እናቴ እየደከመች ሄደች። ስትነቃ በቋንቋዋ ትጣራለች፤ ማንን እንደሆነ አላውቅም። ቃል ሰብሳቢው ወደ ቡልቡላ ሊመለስ ሲነሣ በሩ ላይ ያዝኩት።

"'አለሁ፣ እማዬ' በምን ይባላል?" አልኩት።

አሰበ። ወረቀቶቹን አወጣ፣ ገለጠ፣ መልሶ አስገባ።

"የለኝም" አለኝ። "ጨረቃ አለኝ፣ ጉበት አለኝ፣ አመድ አለኝ። ይህን ማንንም ጠይቄ አላውቅም። የምገጣጥምልዎት የኔ ይሆናል፣ የሳቸው አይሆንም።"

"እሷን ይጠይቋትና።"

ሞከረ። ዓይን ይነካል፤ እሳት ይታያል። 'አለሁ' በምን ይጠቆማል? እኔን አሳያት፣ ወለሉን አሳያት፣ የኔን እጅ አንሥቶ እጇ ላይ አደረገው። እናቴ እጄን አየችው፤ ያዘችው። ምንም ቃል አልተናገረችም። እንደያዘችኝ እንቅልፍ ወሰዳት። ያ ዓመት ሳያልቅ፣ ጳጉሜ ሳይገባ፣ እንቅልፍ ላይ እንዳለች ሄደች። አልቃሾቹ ስለ እናቴ ሙሾ ያወረዱት በአማርኛ ነው፤ ጎረቤቴ በኦሮምኛ አለቀሰችላት። በራሷ ቋንቋ ያለቀሰላት አልነበረም።

በአርባዋ ቃል ሰብሳቢው መጣ። ዝክሩ ተበልቶ ሰው ሲበታተን ጥግ ይዞ ተቀመጠ። አጠገቡ ሄጄ ተቀመጥኩ። እንዳልጠይቅ ለራሴ ቃል ገብቼ ነበር።

"ስለኔ ተናግራ ነበር?" አልኩት።

"ምያለሁ" አለኝ፣ ሳያየኝ።

"የገባዎትን ነው የማሉት። ያልገባዎትን መሐላው አይከለክልዎትም። ድምፁን ብቻ ይንገሩኝ። ትርጉሙን አልጠይቅዎትም። ዳዊትንም ልጅ ሆኜ ሳይገባኝ ነው የያዝኩት፤ ይህንንም እይዘዋለሁ።"

አሁን አየኝ። ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የሰው ቃል ሲለቅም የኖረ ነው፤ ሊሰጠኝ ቢችል ኖሮ ይሰጠኝ እንደነበር ከፊቱ አይቻለሁ።

"ያልገባኝን አላስታውሰውም፣ እኅቴ" አለኝ። "ሞክሬያለሁ። በዚያው ዕለት፣ አውቶቡስ ውስጥ፣ ሞክሬያለሁ። ጆሮ ያልገባውን አይዝም። እንደ ውሃ ነው የሄደው።" ቀጥሎ "ያን ዕለት ቴፑን . . ." ብሎ ጀመረና ተወው።

"አባ ልክ ነበሩ" አልኩት።

ዛሬም ልክ ነበሩ እላለሁ። ነፍሷ ተፈትታለች፤ ይህን አልጠራጠርም። ግን እኔም ደጁ ላይ ነበርኩ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አንድም ሳይቀር፣ በገዛ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ከዚያ ሁሉ አንዲት ቃል አልቀረችልኝም።